ወደ ኋላ የሚቆጠር ሻጋታ

ሰኔ 11 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ከአበባ መሃል ደብዳቤ አግኝተሽ አታውቂ ይሆናል። አትደንግጪ፣ አጎትሽ ነኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? የባሕር ማዶው ብርድስ ለመድሽው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ባለቤቴ ስምሽን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የያዝሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ዛሬ ምን አስታወሰው እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርሽ። ሁለት ጊዜ የላክነው ጽጌረዳ «በስብሷል» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ግርጌው ላይ ያለውን ፊርማ ሳይ ክው አልኩ። ያ የዶሮ ጭረት የማን እንደሆነ ለእኔ ማን ይነግረኛል? ፊደል ስትቆጥሪ እርሳስ የምቀርጽልሽ እኔ አልነበርኩም እንዴ! የእኛን ሳጥን የምትከፍቺው አንቺ መሆንሽን ለፎርማኑም ለገዢውም አልተነፈስኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው ጉንዳኔ። ሦስተኛ ሳጥን ከወደቀ ገዢው ያቋርጠናል። ስድስት ግሪንሃውስ፣ ስድስት የፕላስቲክ ቤት ነው፤ አርባ ሠራተኛ ነው። ይህ ደብዳቤ ያለበት ትንሽ ሳጥን ለሙከራ ስለሆነ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ዝናቡ ሲያባራ ይላካል። ያን ጊዜ ዓይንሽን አንድ አፍታ ጨፈን ብታደርጊ ማን ይጎዳል? ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? የአበባ ጉዳይ ነው እንጂ የሰው ነፍስ አይደለም።

አባትሽ ደህና ነው። ጓሮው ውስጥ ጥቅል ጎመኑን ይኮተኩታል።

አጎትሽ


ሰኔ 29 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እርስዎና ቤተሰብዎ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ ከወረቀቱ ጋር ትንሽ ረጥቦ ነበር፣ ግን ይነበባል። ስለዘገየሁ ይቅርታ አልጠይቅም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ማንበብ ስለጣመኝ ነው።

ሥራዬን ልንገርዎ። የምውልበት ክፍል መስኮት የለውም። ነጭ መደርደሪያ ነው፤ በላዩ ብርጭቆዎች፣ በየብርጭቆው አምስት አምስት ዘንግ አበባ። ሳጥን ሲመጣ እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ ከዚያ ሰባት ቀን እጠብቃለሁ። የእርስዎ ጽጌረዳ ሲደርስ ሙሽራ ነው። በሦስተኛው ቀን ገላው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ትወጣለች። በአምስተኛው ቀን ቡናማ ትሆናለች። በሰባተኛው ግራጫ አቧራ ለብሶ አንገቱን ይደፋል፤ ነካ ሲያደርጉት ይጨሳል። ግራጫ ሻጋታ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለእሱ ነው፤ ሲቆረጥ ደህና፣ ሲታሸግ ደህና፣ ገዢው ቤት ሲገባ ሬሳ።

እኔ ታዲያ ሬሳውን አይቼ አልቆምም። ቀን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ከተበላሸበት ቀን አስር ቀን ያህል ወደ ኋላ ስሄድ ያችን ሌሊት አገኛታለሁ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ያደረባትን፣ የጣሪያው ፕላስቲክ አልቦት እንቡጡ ላይ ሲንጠባጠብ ያደረባትን። አለቃዬ «ቆጣሪዋ» ይለኛል። እስከ ዛሬ ተሳስቼ አላውቅም።

ዓይኔን አልጨፍንም አጎቴ። የሚገርመው ደግሞ እርስዎን ለመጉዳት መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም፣ ያየሁትን መጻፍ ይበቃኛል። የሁለተኛውን ሳጥን ወረቀት ስፈርም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህንን ደብቄ ምን ያደርግልኛል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ እዚህ በደረስኩ በአስረኛው ቀን፣ ሐምሌ 19፣ እናቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። የአበባው ጭነት በሙሉ በስብሶ ነበር። እርስዎ የገዛ ታናሽ ወንድምዎን ማሸጊያው ክፍል ውስጥ በተገለበጠ ሳጥን ላይ አቁመው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ተኝቼ ነው» አሰኝተው አባረውታል። ግሪንሃውሱን ብረት በብረት ያቆመውን ሰው! ከዚያ ቀን ወዲህ ስም የለውም፤ «እንቅልፉ» ነው የሚባለው። እናቴም ገበያ ስትሄድ የእንቅልፉ ሚስት ናት። አባዬ ግን ነግሮኛል። ሙቀት እንዳይወጣ ብለው መስኮቱን ያዘጉት እርስዎ ነዎት።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። አልጽፍልዎትም።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 6 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ማንበብ የጀመርኩት ቆሜ ነው፤ ስጨርስ ተቀምጬ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። አንቺ ደግሞ ቂም ይዞ ፊርማ ጀመርሽልን።

ስለዚያ ቀን ከእኔ አንድ ቃል አታገኚም። ሆድ ይፍጀው ያልኩት ነገር ነው።

ስለ በሽታው እናውራ። መድኃኒት ረጪያችንን ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ፤ ነጭ ቱታ ለብሶ ስለሚንጎራደድ «ሐኪሙ» የሚሉት። ይኸው ሐኪም ከግንቦት ጀምሮ ያንኑ ሰማያዊ ጠርሙስ ዘጠኝ ጊዜ ረጨው። መጀመሪያ ላይ ሠራ። በኋላ እየሰነፈ መጣ። አሁን እጥፍ አድርጎ ይረጫል፤ የሚሞተው ግን ንቡ ብቻ ነው። ቤት ቁጥር አራት ሄደ በይው። ቤት ስድስት ውስጥ ያለው ቲማቲምም ጀማምሮታል፤ ፍሬው ከግንዱ በተያያዘበት በኩል ግራጫ ጢም አበቀለ። በዚህ ዕድሜዬ ከእኔ ቀድሞ የሚሸብት ቲማቲም አያለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ከእንግዲህ ዓይንሽን ጨፍኚ አልልሽም። ይቅር። እዚያ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስሙን ብቻ ጻፊልኝ። ከተቻለሽ አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ።

አባትሽን ትናንት በአጥር ላይ አየሁትና ሰላም አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ።

አጎትሽ


ሐምሌ 20 ቀን

ለአጎቴ፤

እንደምን ከረሙ? የሐኪሙስ ሕክምና እንዴት ከረመ? ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አንብቤ ሳቄ ስላመለጠኝ ጎኔ ያለው ሰው ምን ሆነሽ አለኝ። አጎቴ ቀልደኛ ነው አልኩት።

አንዱን ጠርሙስ ዘጠኝ ጊዜ! ሻጋታ እንደ ሰው ነው እኮ፤ ያንኑ ስድብ ደጋግመው ቢሰድቡት ይለምደዋል። በመጀመሪያው ርጭት ደካማው ሞተ፣ ብርቱው ቀረ። በቀሩት ስምንት ርጭቶች እርስዎ የብርቱውን ልጆች አሳደጉ። አሁን ቤት አራት ውስጥ ያለው በእጅዎ ያሳደጉት የራስዎ ዘር ነው። ደግሞ ሐኪሙ የሚረጨው ግራጫው ከታየ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጠርሙስ አልልክም። ዋጋዬን ግን ልንገርዎ።

ሠራተኛውን በሙሉ ማሸጊያው ክፍል ይሰብስቡ። ሳጥን ይገልብጡና ይውጡበት። አባዬን ያስጠሩት፤ በሩ ላይ ቆሞ ይስማ። ከዚያ እንዲህ ይበሉ፦ «ወንድሜ አልተኛም። መስኮቱን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አይጨምሩበት፣ አይቀንሱለት። ይቅርታ ይበሉ አላልኩም፤ ከአንገት በላይ የሆነ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? አባቴ ስሙ እንዲመለስለት እፈልጋለሁ። እርስዎም እዚያ ላይ ሲቆሙ ጉልበት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ይህን ካደረጉ መድኃኒቱን በአንድ ገጽ ጽፌ እልክልዎታለሁ። ካላደረጉ ዝናቡ ሲያባራ ሦስተኛውን ሳጥን ይላኩ፤ በክብር እከፍተዋለሁ።

የእንቅልፉ ልጅ


ሐምሌ 28 ቀን

አላደርገውም። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የምትጠይቂኝን ብታውቂ ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር። አበባው ይበስብስ።

አጎትሽ


ነሐሴ 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤ ጤና ይስጥልኝ።

አደረግኩት።

ባለፈው ሳምንት ቤት ሁለትም ተነካ። ከአርባው ሠራተኛ አሥራ ሁለቱን ወደ ቤታቸው መለስኩ። ከእነሱ አንዷ ወጥታ ስትሄድ ጓንቷን አጣጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም ጠራኋቸው፤ የተሰናበቱትም መጡ። ሳጥኑን ራሴ ገለበጥኩት። ስወጣበት ሲንቋቋ ከአበባ መራጮቹ አንዷ «እንዳይወድቁ ጋሼ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ሐኪሙ ሳቀ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር እንዳሉ አልኳቸው። የቀዝቃዛው ክፍል ሞተር ብቻ ነበር የሚሰማው። አባትሽ ቦት ጫማውን ከነጭቃው እንዳጠለቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያውን ስናገር ቀና አለ። ሁለተኛውን ስናገር ፊቱ ተለዋወጠ፤ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፣ ዞሮም ሄደ።

ጉልበትም ይንቀጠቀጣል። አሁን አውቄዋለሁ። ያንቺ ተራ ነው፣ ጻፊ።

አጎትሽ


ነሐሴ 24 ቀን

ለአጎቴ፤

እንኳን አደረሰዎ! የምሬን ነው፤ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዓርብ ዕለት ነው፣ አምስት ጊዜ አነበብኩት። በስድስተኛው ለራሴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግቤ በልቼ አላውቅም። ለሐኪሙ ደሞዝ ይጨምሩለት፤ ርጭት ባያውቅም መሳቅ ያውቃል።

ቃሌን እጠብቃለሁ። ነገ ጠዋት ከርጭቱ በፊት መጥረጊያ ያንሱ። የወደቀ የአበባ ቅጠል፣ የተቆረጠ ጉቶ፣ የበሰበሰ እንቡጥ ሁሉ ከረጢት ውስጥ ይግባ። የከረጢቱ አፍ እዚያው ግሪንሃውሱ ውስጥ ይታሰር። እያንጠለጠሉ ካወጡት ግራጫውን ዱቄት በየመደቡ እየዘሩት ነው የሚሄዱት። ከዚያ ራቅ ተደርጎ ይቀበር። ቤት አራትን አያስታምሙት፣ ይንቀሉት። ከረፋድ በኋላ ውሃ አያጠጡ። ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት ሲቀራት የጎኑም የጣሪያውም መስኮት ይከፈት፤ የቀኑ ሙቀት እርጥበቱን ይዞ ይውጣ። ሲመሽ የጎኑ ይዘጋ፣ የጣሪያው ግን ስንዝር ያህል ክፍት ሆኖ ይደር። ይበርደዋል ብለው አይሳሱለት፤ ጽጌረዳን ከብርድ ይልቅ ላብ ነው የሚገድለው። ጎህ ሲቀድ ሁሉም እንደገና ይከፈት።

ርጭት ጠዋት ነው፣ ቅጠሉ ሳይመሽ እንዲደርቅ፤ ደግሞም ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት እንጂ ከመጣ በኋላ አይደለም። ሰማያዊው ጠርሙስ ለዘንድሮ በቃው። አሠራራቸው የተለያየ የሦስት መድኃኒቶች ስም ከገጹ ጀርባ አለ፤ እያፈራረቁ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ሳያስከትሉ። ለቲማቲሙም ያው ነው፣ የታችኛውን ቅጠል ያሳሱለትና አየር ይግባው። የረጠበ አበባ ደግሞ በምንም ምክንያት ቀዝቃዛው ክፍል አይግባ፣ ሳጥንም አይዘጋበት።

ከመድኃኒቱ መፈራረቅ በቀር ይህ ሁሉ የአባዬ ነው። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ያገኘሁት እሱ ሲያደርግ ያየሁት ነገር ስም ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአጥርዎ ማዶ ጎመን ሲኮተኩት ነበር፤ መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረዎት።

የወንድምዎ ልጅ


መስከረም 28 ቀን

ለጉንዳኔ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የሦስተኛው ሳጥን ወረቀት ከነዶሮ ጭረትሽ ደረሰኝ። «ሰባት ቀን፣ ንጹሕ» ይላል። ገዢው ቀጥሏል፤ አሥራ ሁለቱም ሴቶች ተመልሰዋል። ጎህ ሲቀድ መስኮቱን የምከፍተው ራሴ ነኝ። ስላስተማርሽኝ አመሰግናለሁ፣ ይህ ከልቤ ነው።

አሁን ካንቺ የምፈልገው ነገር የለም። ስለዚህ መናገር እችላለሁ።

ካስባልሽኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው እውነት ነው፤ አባትሽ አልተኛም። ሁለተኛው ውሸት ነው። እኔ ያን ጊዜ የመስኮቱ መክፈቻ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። አበባው የእሱ፣ ወረቀቱ የእኔ ነበር።

እስቲ ቆጣሪዋ፣ ቁጠሪ። ወሬው የመጣው ሐምሌ 19 ነው። አስር ቀን ወደ ኋላ ሂጂ። ሐምሌ 9 ማን የት ነበር? አንቺ ወደ አውሮፕላኑ ስትሄጂ ሻንጣሽን ይዞ እስከ በሩ የሸኘሽ ማን ነበር? ፈቃድ ጠይቆኝ ነበር። «ዝናብ ነው፣ ከአበባው እንዳትለይ» ብዬ ከለከልኩት። ሹልክ ብሎ ወጣ። ሄዶ እስኪመለስ ሦስት ሌሊት ሆነው። መክፈቻውን ለጥበቃው አደራ ሰጥቶት ነበር፤ ጥበቃው ዝናቡን ሲያይ ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ተኛ።

ጭነቱ ሲበሰብስ አባትሽን ጠራሁት። «ልጅህን ልትሸኝ ጥለኸው መሄድህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ስለው ጉልበቴ ላይ ወደቀ። «ይህን ከሰማች የሄደችበትን ቀን ትረግማለች፣ ትምህርቷን ጥላ ትመለሳለች። ተኝቶ ነው በል» አለኝ። እንቅልፍን የመረጠው እሱ ነው። ላንቺ ደግሞ ያዘጋው አጎትሽ ነው አለሽ። ያንንም እያወቅኩ ዝም አልኩ። በሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ የዘጋው ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ?

የሰውን ሁሉ ሳጥን ወደ ኋላ ትቆጥሪያለሽ፤ የአባትሽን ግን አልቆጠርሽም። ብትቆጥሪ መጨረሻው ላይ ቆማ የምታገኚያት ማን እንደሆነች ልብሽ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

እኔን በአርባ ሰው ፊት ውሸት አስዋጥሽኝ። አንቺ ደግሞ እውነቱን ብቻሽን ዋጪው።

አጎትሽ


ጥቅምት 15 ቀን

አጎቴ፤

ቆጠርኩ። ልክ ነዎት።

አባዬ ጋ ደወልኩ። «ሐምሌ 9 ሌሊት አበባው ጋ ማን ነበር?» አልኩት። «ጥቅል ጎመኑ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል» አለኝ። ከዚያ እሱ እኔ እንዳልሰማው፣ እኔም እሱ እንዳይሰማኝ ስልኩን ከአፋችን አርቀን አለቀስን።

ስለዚህ የሻጋታው ጥፋት የእኔና የአባዬ ነው። ወስጄዋለሁ። ያልሠሩትን ሠርቻለሁ ስላስባልኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለዚያ ለአንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሰዉ አባዬን በስሙ መጥራት ጀምሯል አለችኝ እናቴ። እሱን አልመልስልዎትም።

ደብዳቤዎን ግን እርስዎም ደግመው ያንብቡት። እኔን ለመውጋት ሲቸኩሉ ራስዎን ጽፈዋል። እኔ የፈረድኩት ሳላውቅ ነው። እርስዎ ያውቁ ነበር። ልጁን ሊሸኝ የሄደ አባት መሆኑን እያወቁ፣ ጉልበትዎ ላይ ከወደቀም በኋላ፣ ሳጥን ላይ አቆሙት። በሩን ዘግተው «ሂድ» ሊሉት ይችሉ ነበር። እንቅልፍን የመረጠው እሱ ቢሆንም፣ አርባውን ሰው የሰበሰቡት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ስድስት ዓመት «እንቅልፉ» ሲሉት አብረው ጠሩት። ምስጢር መጠበቅ የሚሉት ይህንን ነው? እስከ አሁን የምጠላዎት በግምት ነበር። አሁን በማስረጃ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ዘመድዎ መሆኔን ለአለቃዬ ተናገርኩ። ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ፤ ተቆጣኝ፣ አልተከራከርኩትም። ከእንግዲህ ሳጥንዎን የሚከፍተው ጎኔ የሚቀመጠው ሰው ነው። ሥራ አዋቂ ነው፣ ዝምተኛም ነው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህለዋን ነጥብ እሱም አያልፋትም። ከአበባው መሃል ደብዳቤ ቢያስቀምጡ ሳይከፍተው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። እሱ አጎት የለውም።